አያቴን «አልገባኝም» ያስባለቻት ሕፃን

ባለፈው ሴሚስተር በቃለ መጠይቅ ትምህርት «በዕድሜ ቢያንስ አርባ ዓመት የሚበልጣችሁን ሰው አነጋግራችሁ ጻፉ» የሚል ሥራ ተሰጥቶን እንደነበር የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች አትረሱትም። እኔ ብዙም አልተጨነቅሁም። የሰባ አንድ ዓመት ሰው ቤቴ ውስጥ አለችኝ፤ አያቴ ናት። በወጣትነቷ ከእንጦጦ እንጨት እየተሸከመች ልጆቿን ያሳደገች ሴት ስለሆነች፣ «ታሪክ እጄ ላይ ነው» ብዬ አሥራ አራት ጥያቄ ጻፍኩና የስልኬን መቅጃ ከፍቼ ፊቷ ተቀመጥኩ።

«እንጨት ትሸከሚ የነበረበት ጊዜ ምን ይመስል ነበር?» አልኳት።

«ደህና ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን» አለችኝ።

«ያጋጠሙሽ ዋና ዋና ተግዳሮቶችስ?»

«የምን ተግዳሮት?»

ምን አለፋችሁ፣ በሃያ ደቂቃ ውስጥ አሥራ አራቱም አለቁ። ያገኘሁት መልስ ግማሽ ገጽ አይሞላም። ይኼኔ አጠገቧ ወለሉ ላይ ተንጋላ የቤት ሥራዋን ትሠራ የነበረችው የአክስቴ ልጅ ቀና አለችና «እማማ፣ እንጨቱ ካንቺ ይበልጥ ነበር?» አለቻት። አያቴ ሳቀች። ከዚያ ብድግ ብላ፣ ነጠላዋን ጠቅልላ ጀርባዋ ላይ አድርጋ፣ እስከ መሬት ጎንበስ አለችና ሸክሙ ግራና ቀኝ እስከየት ይደርስ እንደነበረ በእጇ አሳየቻት። «ጅብስ አልነበረም?» አለች ልጅቱ። ጅብም ነበረ! ዘበኛም ነበረ፣ የተቀማ ገመድም ነበረ፣ ዝናብ ሲመጣ የሚያንሸራትት ቁልቁለትም ነበረ። እኔ ያንን ሁሉ የሰማሁት መቅጃዬን ካጠፋሁ በኋላ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን የእኔ የቤት ሥራ አይደለም። አያት ለልጅ ልጅ ታስተምራለች ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ከልጅ ልጅ ወደ አያት የሚሄደው ትምህርት ምንድን ነው? እንዴትስ ይሄዳል? ይህን በቤቴ ካየሁት ተነስቼ ላብራራ እሞክራለሁ። (በነገራችን ላይ አያቴን በአንቱታ መጻፍ ነበረብኝ፤ ቤት ውስጥ ሁላችንም «አንቺ» ስለምንላት አንቱ ብዬ ስጽፋት ሌላ ሴትዮ ትሆንብኛለች። ልጅቱንም እንደ ቤታችን ሚጣ ብያታለሁ።)

የምንኖረው የካ ክፍለ ከተማ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ነው። ከበራችን ወጣ ብሎ ቀና ያለ ሰው እንጦጦን ያያል። ዛሬ ወደዚያ የሚወጣው ብዙው ሰው ለመዝናናት ነው፤ የእንጦጦ ፓርክ መስከረም 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ሰርገኛው፣ ሯጩ፣ ፎቶ አንሺው ሁሉ እዚያ ነው። ለአያቴ ተራራው የሥራ ቦታዋ ነበር። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከተማዋ ማገዶ ከማጣቷ የተነሳ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ደርሶ እንደነበር፣ ችግሩን ያቃለለውም ከ1880ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የተተከለው ባሕር ዛፍ መሆኑን ታሪክ አንብበናል። ያ ባሕር ዛፍ በኋላ ለብዙ የአዲስ አበባ ሴቶች እንጀራ ሆነ። ቅጠሉ ለምጣድ፣ ጭራሮው ለወጥ ይሸጣል። ሴቶቹ ከ30 ኪሎ የሚበልጥ ሸክም በጀርባቸው አዝለው ቁልቁለቱን ይወርዱት ነበር። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1991 እ.ኤ.አ. ስለነሱ ጥናት አሳትሟል። አያቴ ጥናት መኖሩን ስነግራት «ለኛ ያልነገሩን!» ብላ አለፈችው።

አሁን ወደ ፊደል ጉዳይ ልምጣ። አያቴ ያልተማረች ናት ማለት ይከብዳል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር የ24 ዓመት ወጣት ነበረች። ቀን እንጨት ተሸክማ ማታ ቀበሌ ሄዳ ሀ ሁ ትቆጥር ነበር። ዘመቻው ትልቅ ሥራ ነው፤ ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል፣ በ1980 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዓለም አቀፍ የንባብ ሽልማት አግኝቷል። አያቴም ተፈትና የምስክር ወረቀት ተሰጣት። ወረቀቱ እስከ ዛሬ ድረስ ሳጥኗ ውስጥ በፌስታል ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለእንጨት ተሸካሚ ማን የሚነበብ ነገር ይሰጣታል? ቤት ውስጥ ጋዜጣ የለ፣ መጽሐፍ የለ። የተማረችው ፊደል እንደማይዘሩት ማሳ ጠፍ ሆነ። ወረቀቱ ግን አለ! ስለዚህ «ማንበብ ትችያለሽ ወይ?» ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። እሷም አልተናገረችም። የምታነበው ነገር ሲመጣባት «መነጽሬን ረስቼው ወጣሁ፤ እስቲ አንብብልኝ» ትላለች። ሃያ አንድ ዓመት አብሬያት ስኖር መነጽር ኖሯት እንደማያውቅ ልብ አላልኩም። አሁን ሳስበው ይገርመኛል፤ ጋዜጠኛ ልሆን ነው የምማረው እኮ!

ይህን የደረሰችበት ሚጣ ናት። እናቷ (አክስቴ) ለሥራ ዓረብ አገር ከሄደች ወዲህ ከአያቴ ጋር ነው የምትተኛው፤ አያቴን ከሁላችንም ይልቅ በቅርብ ታውቃታለች። አምና አንደኛ ክፍል ገባች። ፊደል መለየት የጀመረ ሕፃን እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ የዘይት ጀሪካን፣ የሳሙና ወረቀት፣ የታክሲ ጽሑፍ፣ ያገኘችውን ሁሉ በጣቷ እየነካች ትቆጥራለች። አማርኛውንም ኤ ቢ ሲ ዲውንም።

በዚያው ዓመት በዐቢይ ጾም ወቅት አያቴን ማዞር ጀመራት። ከመቀመጫዋ ስትነሳ ግድግዳ ትይዛለች። እኛ ጾሙ ነው ብለን «እህል ሳትቀምሺ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለምን ትቆያለሽ?» እያልን እንጨቀጭቃታለን። አያቴ የደም ግፊት መድኃኒት ትወስዳለች። የምትለየው በካርቶኑ ቀለም ነው፤ ሰማያዊው፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ፍሬ። በዚያ ሰሞን መድኃኒት ቤት ስትሄድ የተሰጣት ያው መድኃኒት ሆኖ ከሌላ ፋብሪካ የመጣ፣ ካርቶኑም ቀይ ነበር። ባለሙያዋ ነግራታለች። አያቴም «እሺ የኔ ልጅ» ብላ ተቀብላ መጣች። ቤት ስትደርስ ሰማያዊው ገና አላለቀም። ታዲያ ቀዩ በተጨማሪ የታዘዘላት መሰላትና ጠዋት ሰማያዊውን፣ ማታ ቀዩን መዋጥ ጀመረች።

አንድ ማታ ሚጣ ሁለቱን ካርቶኖች ጎን ለጎን ደርድራ ስታስተያይ ቆየችና «እማማ፣ ይኼም ኤ፣ ይኼም ኤ። ይኼም ኤም፣ ይኼም ኤም። ስማቸው አንድ ነው እኮ! ለምን ሁለት ጊዜ ትውጫለሽ?» አለቻት። ተነስቼ አየሁ። አምሎዲፒን፣ አምሎዲፒን። ሁለቱም አምስት ሚሊግራም።

እኔ እንግሊዝኛ አነባለሁ። ካርቶኖቹ ደግሞ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ነበር የሚቀመጡት። ለሦስት ሳምንት ያህል በየቀኑ በዓይኔ ሥር እያለፉ አንድ ቀን አንስቼ አላየኋቸውም።

በማግስቱ ሦስታችንም ሄድን። ግፊቷ ሲለካ ከሚገባው በታች ወርዷል። ደግነቱ የከፋ ነገር አልደረሰም፤ እንደ ድሮው በቀን አንድ ብቻ እንድትወስድ ተነገራት። ከዚያ ወደ መድኃኒት ቤቱ ጎራ አልን። ባለሙያዋ ደንግጣ «እማማ፣ ያው መድኃኒት ነው ብዬ ነግሬዎት አልነበረም?» አለቻት። አያቴ «ረስቼው ነው የኔ ልጅ» አለች። ያን ጊዜ ሚጣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «አልረሳሽም! ማንበብ አትችይም እኮ። መነጽርም የለሽም» አለች።

እመኑኝ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። አያቴ ምንም አልተናገረችም። መንገዱን ሁሉ ዝም ብለን ተጓዝን። ሰፈር ልንደርስ ስንል አላስችል ብሎኝ ሚጣን ተቆጣኋት። «ትልቅ ሰው እንዲህ ይባላል?» አልኳት። ግራ ገብቷት አየችኝና «እኔም እኮ ሁሉንም አልችልም። ያልቻላችሁትን አልቻልኩም በሉ ብላናለች ቲቸር» አለችኝ። የቀለደች እንዳይመስላችሁ። ለሷ «አልችልም» ማለት ውሃ ጠማኝ እንደማለት ያለ ነገር ነው፤ ስድብ መሆኑን ገና አልተማረችም።

ማታ ከእራት በኋላ አያቴ «እስቲ ያንን ደብተርሽን አምጪው» አለቻት።

ትምህርቱ እንዴት እንደተካሄደ ትንሽ ልዘርዝር፤ ዋናው ማብራሪያ ያለው እዚህ ነው ብዬ ስለማምን። አያቴ «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ» ብላ ስትጀምር እንደ ዘፈን ትወርደዋለች፤ ሠላሳ ሦስቱንም ቤት ከነሰባት ልጆቻቸው። ሚጣ ግን ከመሀል «ሙ» ላይ ጣቷን አድርጋ «ይኼ ማነው?» ስትላት አያቴ ከ«መ» ካልተነሳች አትደርስበትም። ድምፁ ጆሮዋ ውስጥ ቀርቷል፤ መልኩ ግን ከዓይኗ ጠፍቷል። የቄስ ትምህርት ቤት የገባችሁ ታውቁታላችሁ፤ የኔታ ከሀሁ በኋላ አቡጊዳ የሚያስቆጥሩት ለዚህ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ሲለወጥ ልጁ ፊደሉን ማወቁና በዜማ መሸምደዱ ይለያል። ሚጣ ስለ አቡጊዳ የምታውቀው የለም። ጣቷን እንዳሻት ስለምታንከራትት ብቻ ያንኑ ሥራ ሠራችው።

ደግሞ ትሳሳታለች። «ጸ»ን «ጰ» ብላ አስተምራት ሁለቱም በስህተት አንድ ሳምንት ቆይተዋል። ስህተቱ ሲታወቅ አብረው ሳቁ። አንድ ቀን ሚጣ «እማማ፣ ሀ ለምን ሦስት ሆነ? ሀም አለ፣ ሐም አለ፣ ኀም አለ» አለቻት። አያቴ አሰብ አደረገችና «እኔ እንጃ፤ እኔም አላውቀውም» አለች። ምክንያቱን እኔ ላስረዳ እችል ነበር (በግእዝ የተለያየ ድምፅ የነበራቸው ፊደላት በአማርኛ አነጋገር አንድ ስለሆኑ ነው)፤ ግን ዝም አልኩ። አያቴ ስለማንኛውም ነገር «አላውቀውም» ስትል ስሰማ የመጀመሪያዬ ስለነበረ ነው ዝም ያልኩት። ከዚያ በፊት የነበራት መልስ ወይ «እሺ» ነው፣ ወይ «መነጽሬን»።

ታዲያ የቀበሌው አስተማሪም፣ ልጆቿም፣ እኔም ያልቻልነውን ሕፃኗ እንዴት ቻለችው? እውነቱን ለመናገር እኔም አንዴ ሞክሬ አውቃለሁ። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የእጅ መታጠብ ነገር ሀያ ሰከንድ እየቆጠርኩ አያቴን ላስተምር ተነሳሁ። «አንተን ያጠብኩህ እኔ ነኝ!» ብላ አባረረችኝ። ልክ ነበረች። እኔ የማውቅ ሆኜ የማታውቅ አደረግኋት። ሚጣ ግን እኩል ናት፤ እሷም ገና እየተማረች ነው። በሚጣ ፊት «አላውቅም» ማለት ክብር አያስቀንስም፤ ሕፃን ለጎረቤት ሄዶ አያማ። ሌላው ደግሞ ድግግሞሹ ነው። ዘመቻ ያልቃል፣ ክፍል ይዘጋል፤ የአንደኛ ክፍል የቤት ሥራ ግን በየማታው አለ፣ ያውም እዚያው አልጋ ላይ።

ባህላችን ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት ብዙ ቦታ የሰጠ አይመስለኝም። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እንላለን። «ከልጅ አትጫወት፣ ይወጋሃል በእንጨት» እንላለን (ሚጣስ መድኃኒት ቤቱ ውስጥ በትክክል ወግታለች)። «መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» የሚለውን ግን ለልጆች እንጂ ለሽማግሌ ሲባል አልሰማሁም። አሜሪካዊቷ የባህል ተመራማሪ ማርጋሬት ሚድ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ማኅበረሰቦችን በሦስት ትከፍላቸዋለች፤ ልጆች ከአዋቂዎች የሚማሩበት፣ ልጆችም አዋቂዎችም ከእኩዮቻቸው የሚማሩበት፣ አዋቂዎች ከልጆቻቸው የሚማሩበት። ሦስተኛው የሚመጣው ዓለም ከወላጆች ልምድ በላይ ሲፈጥን ነው ትላለች። የኛን ቤት ሳየው ሦስቱም በአንድ ጣሪያ ሥር አሉ። አያቴ ለሚጣ ሽሮ ማገንፈልና ጸሎት ታስተምራለች፣ እኔ ስልክ ከጓደኞቼ ተምሬያለሁ፣ ሚጣ ደግሞ አያቴን ታስቆጥራለች።

ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ ኪማኒ ማሩጌ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። አገራቸው የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን በ2003 እ.ኤ.አ. በነጻ ካደረገች በኋላ፣ በጥር 2004 እ.ኤ.አ. በ84 ዓመታቸው ዩኒፎርም ለብሰው አንደኛ ክፍል ገቡ። ከልጅ ልጆቻቸው ሁለቱ እዚያው ትምህርት ቤት ይማሩ ነበር። በጊነስ የድንቃድንቅ መዝገብ ገብተዋል፣ ኒው ዮርክ ድረስ ተጋብዘው ንግግር አድርገዋል፣ ፊልምም ተሠርቶላቸዋል፤ በ2009 እ.ኤ.አ. አረፉ። ይህን ለአያቴ ስነግራት የጠየቀችኝ «ልጆቹ አልሳቁባቸውም?» ብላ ብቻ ነው። አላውቅም አልኳት።

ነገሩን ከሚገባው በላይ እንዳላሳምረው ደግሞ እፈራለሁ። አያቴ ዛሬም የምታነበው በፊደል በፊደል ነው፤ አንድ መስመር ለመጨረስ ቡና እስኪፈላ ይፈጅባታል። የሚደክማት ማታ አለ፣ ሚጣ ተሰላችታ «እማማ ደግሞ አትችይም!» ብላ ደብተሯን የምትዘጋበትም ማታ አለ። ከዚህም ሌላ የሰባት ዓመት ልጅ የአዋቂን መድኃኒት ማጣራት የለባትም። ያ የኔ ሥራ ነበር። ሚጣ ጎበዝ ናት ተብሎ ሲወራ እኔ ውስጤ የሚሰማኝ ሌላ ነው። አሁን ካርቶኖቹን በየወሩ አብሬ አያለሁ። ካየሁ በኋላ ግን ለአያቴ እሰጣታለሁ፤ እሷ ራሷ በጣቷ ፊደሉን ከድሮው ካርቶን ጋር ታመሳስላለች።

ያን የቃለ መጠይቅ ሥራ እንደገና ጻፍኩት። አሥራ አራቱን ጥያቄዎቼን ጣልኳቸውና የሚጣን ጥያቄዎች እንዳሉ ወሰድኳቸው፤ ይከብድ ነበር? ጅብ ነበር? አልቅሰሽ ታውቂያለሽ? ማን ያነሳልሽ ነበር? የመጨረሻው ጥያቄ ላይ አያቴ ብዙ ቆየች። ከዚያ አንዲት አብራት እንጨት ትሸከም የነበረች ሴት ስም ጠራች፤ ከቤታችን ሰው ማንም ሰምቶት የማያውቅ ስም ነው። ሁለቱ ሸክማቸውን አንዳቸው ለሌላኛዋ እያነሱ ለዓመታት አብረው ተመላልሰዋል፤ ሴትየዋ አንድ ክረምት ላይ ቁልቁለቱ አንሸራቷት ወገቧን ተጎድታ ከሰፈሩ ሄደች፤ ከዚያ ወዲህ የት እንዳለች አይታወቅም። «ለምን አልፈለግሻትም?» አለቻት ሚጣ። አያቴ «ደብዳቤ ላከችልኝ መሰለኝ። አላነበብኩትም» አለች።

ባለፈው ወር መድኃኒት ልናመጣ ሄደን ነበር። ሰልፉ እስከ በሩ ደርሷል። ባለሙያዋ ያቺው ልጅ ናት፤ ካርቶኑን ሰጥታ አወሳሰዱን በፍጥነት ነገረቻትና «ገባዎት እማማ?» አለቻት። አያቴ ካርቶኑን ገልበጥ አድርጋ አየችው። ከኋላችን ያለው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «አልገባኝም» አለች አያቴ። «ቀስ ብለሽ ድገሚልኝ የኔ ልጅ»። ሰውዬው አሁንም ጉሮሮውን ጠረገ። ሚጣ ዞር ብላ አየችውና «ቆይ፣ ገና አልገባትም» አለችው። ባለሙያዋ ከመጀመሪያው ጀመረችላት።